የአያ ደሴ መደብ

ይህ ነገር ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ እዚሁ ደባርቅ፣ ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት ነው የደረሰብኝ። ሳስታውሰው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ቢሆንም ደብቄ ልይዘው አልፈልግም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አውቃቸዋለሁ ስል የኖርኩትን ሰው በእርግጥ ያወቅኋቸው ያን ቀን ነውና።

እኔ ደባርቅ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። የመታወቂያ ፎቶ አነሣለሁ፤ ሠርግና ክርስትና እቀርጻለሁ። ወሬ ላይ አልታማም። እናቴ በሕይወት ሳለች “ይቺ ልጅ ገበያ መሃል ብትቀመጥ ድንጋይ ትሸጣለች” ትል ነበር። የፊልም አከፋፋይ አክሲዮን ማኅበር ስናቋቁም ጸሐፊም አክሲዮን ሻጭም አድርገው የመረጡኝ ለዚሁ ምላሴ ይመስለኛል።

አክሲዮን ማኅበር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የዳባት ልጅ ካሜራ ተውሶ፣ ጓደኞቹን ተዋናይ አድርጎ፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን በእግር በሚገባበት አንድ የገብስ አገር የፍቅር ፊልም ሠራ። አዲስ አበባ ይዞት ሄዶ በየሲኒማ ቤቱ ደጅ ጠና። የሚቀበለው አጣ። ቢቸግረው ወደ አገሩ ይዞት ተመለሰ። እኛም አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤት ያላት፣ በቅሎ አከራዩ ተሰባሰብንና “ሌላው ባያሳየው እኛ እናሳየዋለን” አልን።

አዋጥተን ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር ገዛን። ፊልሙን ከነመብቱ ከልጁ ገዛን። ሌሎችም እንደሱ የተናቁ ፊልሞች ጨመርንበት። ደባርቅ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ፣ ዳባት ትምህርት ቤት፣ ድብ ባሕር ላይ ደግሞ በመጋዘን ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥረን ማሳየት ጀመርን።

የኔታ ሳይቀሩ ገቡበት። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ፊልም ሠሪውን ልጅ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሰው “የኔታም ፊልም ጀመሩ?” እያለ ሲቀልድባቸው “እኔ የገዛሁት ልጁን እንጂ ፊልሙን አይደለም” ይላሉ።

አክሲዮን ለገበያ ሰው ማስረዳት ግን ቀላል አልነበረም። “ድርሻ” ብል፣ “ካፒታል” ብል ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። “አክሲዮን ማለት ቅርጫ ነው” አልኳቸው።

ቅርጫ የማያውቅ የለም። ሰንጋ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ ያዋጣል፤ በሬው ይታረዳል፤ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ዕጣ ይጣልና ሁሉም የየራሱን መደብ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። “እኛም በበሬ ፈንታ ፊልም ነው የገዛነው” እላለሁ። ሰው ወዲያው ይገባዋል። እኔም በብልጠቴ እኮራለሁ።

አያ ደሴ የመጡት ፊልሙን መጀመሪያ ደባርቅ ላይ ባሳየን ማግስት ነው። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ከጃናሞራ መጥተው ልጃቸው ዘንድ የተቀመጡ ገበሬ ናቸው። ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ልጄ፣ የትናንቱን ፊልም ቅርጫ የምታስገቢው አንቺ ነሽ አሉኝ።”

“እኔ ነኝ አያ፤ ይግቡ።”

“የዚያው የትናንቱ ነው? የሌላ አይደለም?”

“የዚያው ነው።”

“እንግዲያስ ለእኔም አንድ መደብ ይኑረኝ” አሉና ጊደር የሸጡበትን ብር ከኩታቸው ጫፍ ፈቱ።

ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሃል ላይ ሁለቱ ፍቅረኞች ገብስ ማሳ ውስጥ ቆመው ይለያያሉ። ልጁ ያለቅሳል፤ ልጅቱ ታለቅሳለች፤ ሙዚቃውም አብሯቸው ያለቅሳል። በዚህ መሃል ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሸረጠች፣ ዱላ የያዘች ሴትዮ ከማሳው ጥግ ብቅ ትላለች። ተዋናይ አይደለችም። ገብሷ ተረግጦባት የመጣች የአገሬው ሰው ናት።

“ውጡ ከገብሴ!” ትላለች። “ውጡ ብያለሁ! ማልቀስ ካማራችሁ መንገዱ ላይ አልቅሱ!”

ልጁ እንባውን ሳይጠርግ ዘሎ ይወጣል። ልጅቱ አንድ ጫማዋን ጥላ ትከተለዋለች። የዳባቱ ልጅ ይህን ሊቆርጠው ሳሳ፤ እንዳለ ተወው። ባሳየንበት ሁሉ ሰው በሳቅ ያልቃል። እኔ ግን አልወደውም ነበር። ስንት ሴት መሐረብ ባወጣችበት ሰዓት እንዲህ ያለ ጩኸት ምን ይባላል? ፊልማችንን አዲስ አበባ ያስናቀው ይሄ ነው ብዬ አምን ነበር።

አያ ደሴ ፊልሙ በታየበት ሁሉ አይጠፉም። ድብ ባሕር እንኳ ከጄኔሬተሩ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭነው ሄደዋል። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ግን አንድ ቀን እንኳ ፊልሙን ጨርሰው አያውቁም። ሴትዮዋ መጥታ ከጮኸች በኋላ ብድግ ይሉና ሹልክ ብለው ይወጣሉ። “ጩኸቷ አስቀይሟቸው ነው፤ ለሽማግሌ ይከብዳል” እል ነበር።

በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ስናደርግ ደግሞ አንድ ጥያቄ አላቸው። ሪፖርቱ ተነቦ ሲያልቅ እጃቸውን ያወጣሉ።

“የሚታረድበት ቀን ተቆረጠ ወይ?”

ቤቱ ይስቃል። እኔም አላርፍም። “ምን ያስቸኩልዎታል አያ ደሴ? ይድለብ እንጂ!” እላለሁ። እሳቸው “እሺ፣ ይድለብ” ብለው ይቀመጣሉ። ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው እንል ነበር እንጂ የምራቸውን ይጠይቃሉ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

በሬው ግን አልደለበም። ሰው ሁሉ ፊልም በስልኩ ማየት ጀመረ። አዳራሹ ባዶ እየሆነ መጣ፤ ጄኔሬተሩም አረጀ። አክሲዮን የሸጥኩላቸው ሰዎች ገበያ ላይ ሲያዩኝ አፍ አውጥተው ባይናገሩኝም እኔ በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ። ጊደር የሸጠ አለ፤ ማርና በግ የሸጠ አለ። ሁሉም ያመኑት የእኔን ምላስ ነው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ገዢ የመጣው። ፊልሞችን በኢንተርኔት የሚያሳይ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ያንን የፍቅር ፊልም ሊገዛን ጠየቀ። የሚከፍለው ሁላችንም ያዋጣነውን ይመልስልናል፤ ትንሽም ይተርፋል። ደስታዬን አልነግራችሁም። ቅድመ ሁኔታው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ያቺ ሴትዮ ትቆረጣለች። ሁለተኛ፣ ከሽያጩ በኋላ ከዋናው ፊልም አንድም ቅጂ እኛ እጅ ላይ አይቀርም።

ለእኔ ሁለቱም ቀላል ነበሩ። ቅጂው ያለው እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አጠፋዋለሁ።

ጉባኤው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ውሉን ይዞ የመጣው የድርጅቱ ሰው ገና ወጣት ነው፤ ብርዱ አልቻለውም መሰለኝ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ከፊት ተቀምጧል። ሊቀ መንበራችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ውሉን እንዳስረዳ ለእኔ ሰጡኝ። ተነሣሁ። ደስታ ሲበዛብኝ ደግሞ ምላሴ ይብሳል።

“ገዢው የጠየቀው ቀላል ነው” አልኩ። “ያቺን ጯሂ ሴትዮ እንቆርጣታለን። ስምንት ዓመት ሙሉ ፊልማችንን ስታበላሽብን ኖራለች። የዛሬው ገዢ ገላገለን!”

ሰው ሳቀ። ከኋላ ያጨበጨበም ነበር።

አያ ደሴ እጃቸውን አወጡ።

“እንግዲህ ዛሬ ሊታረድ ነው?” አሉ።

“አዎ አያ ደሴ! ዛሬስ ደለበልዎ” አልኩ፤ ቤቱ እንደገና ሳቀ።

“እንግዲያስ እኔ መደቤን ልጠይቅ። ያቺን የምትቆርጧትን ሴትዮ ለእኔ ስጡኝ።”

“ምን ልታደርግልዎት?” አልኩ እየሳቅኩ።

“ሚስቴ ናት” አሉ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልቀመጥ ብል ወንበሩ የት እንዳለ ጠፋኝ።

አያ ደሴ ግን አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ተናገሩ።

“ሙሉነሽ ትባላለች። ልጆቹ ሊቀርጹ የመጡ ዕለት እኔ ገበያ ወርጄ ነበር። ስመለስ ‘የከተማ ልጆች ገብሴ ውስጥ ገብተው ሲላቀሱ አባረርኳቸው’ ብላ እየሳቀች ነገረችኝ። በዚያው ክረምት ታመመች፤ ክረምቱን አልወጣችውም። ፎቶ የላትም። መታወቂያዋ ላይ የነበረችውንም ዝናብ አጠባት። እዚህ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ ‘አባዬ፣ ፊልም እንይ’ ብላ ይህ ቤት ውስጥ አስገባችኝ። ተቀምጬ ሳለሁ ከነነጠላዋ፣ ከነዱላዋ ከፊቴ መጣች። ከነድምጿ።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩንም?” አልኳቸው።

“ምነው ልጄ! መደብ ሳይወጣ ዓይን የጣሉበትን ይናገሩታል? ነውር አይደለም? ሰው ከሰማም ይሻማል። አሁን ግን ገዢው አልፈልጋትም አለ። እናንተም አልፈለጋችኋትም። የሚሻማኝ የለም። እሷን ስጡኝ፤ ከብሩ አልፈልግም። የቀረውን ለሰው አከፋፍሉ።”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጨዋታ አልነበረም። ሰውየው እኔ ባስረዳኋቸው መንገድ፣ የእኔን ቃል አምነው፣ ፊልሙ የሚታረድበትንና ሚስታቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው የሚገቡበትን ቀን ስምንት ዓመት ጠብቀዋል። እኔ ፎቶ አንሺዋ ደግሞ “የባለቤትዎ ፎቶ አለዎት ወይ?” ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። አገራቸው ጃናሞራ መሆኑን፣ ፊልሙም እዚያው መቀረጹን አውቃለሁ። አስቤው ግን አላውቅም።

የአዲስ አበባው ልጅ ተጨንቆ ተነሣ። “አባቴ፣ በጣም አዝናለሁ” አለ። “ግን ፊልሙን የምንገዛው በሙሉ ነው። የሚቆረጠውም የእኛ ነው። ቅጂ እንዳይቀር ውሉ ይከለክላል።”

“ሌላ ቦታ የለችም ልጄ” አሉ አያ ደሴ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “የኔ ልጅ፣ አንተ የምትገዛው የምትፈልገውን ነው። የማትፈልገውን ደግሞ ገዝተህ ምን ልታደርገው? በሬ ሲታረድ ያልፈለጉትን ለጠየቀ ይሰጡታል እንጂ ማንም እንዳያገኘው ብለው አይቀብሩትም።”

ሻይ ቤት ያላት ሴት ከኋላ ብድግ አለች። “እሷ ካልተሰጠቻቸው እኔ ለሽያጩ እጄን አላወጣም” አለች። ልብስ ሰፊው “እኔም” አለ። በቅሎ አከራዩ፣ ልጁን ሊድር ቀን ቆርጦ ብሩን ሲጠብቅ የነበረው፣ መሬት መሬቱን እያየ “በሉ እኔም” አለ።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። ሽያጩን ከማንም ይበልጥ የምፈልገው እኔ መሆኔን ሰው ሁሉ ያውቃል። “እኔም ቃለ ጉባኤውን አልፈርምም” አልኩ። ሽያጩ ከፈረሰ ገበያ ላይ የማልፍበት መንገድ እንደማይኖረኝ አውቃለሁ።

እንግዳው ልጅ “እስቲ አሳዩኝ” አለ። “እኔ ፊልሙን አላየሁትም። ‘አንዲት ሴትዮ ትገባለች፣ ትቆረጥ’ ብቻ ነው የተባልኩት።”

ፕሮጀክተሩን ከፈትኩ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ከማሳው ጥግ ብቅ አሉ። ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ግን ያን ቀን አየሁት። ለካ እየተቆጡ ሳቃቸውን አፍነው ይዘውታል። “ውጡ ከገብሴ! ውጡ ብያለሁ!” ሲሉ የአዲስ አበባው ልጅ ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ደነገጠና አፉን ያዘ። አያ ደሴ ባርኔጣቸውን አድርገው ብድግ አሉና ከአዳራሹ ወጡ። ሊያለቅሱ ነው ብለን ማንም አልተከተላቸውም።

ልጁም ስልኩን ይዞ ወጣ። በመስኮት እናየዋለን፤ ከአለቃው ጋር እየተመላለሰ ያወራል፤ በእጁ ይለምናል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይለምናል። ሲመለስ አፍንጫው በብርድ ቀልቷል።

“ከፊልሙ መቆረጣቸው አልቀረም” አለ። “የተቆረጠው ግን የባለቤታቸው ነው። እዚህ ውል ላይ አስገባዋለሁ።”

እስክሪብቶ አወጣ። አያ ደሴን አስጠርቶ “የባለቤትዎን ስም ከነአባታቸው ይንገሩኝ” አላቸው። ነገሩት። ያ በኮምፒውተር የተጻፈ ውል ሥር፣ በእጁ ጽሑፍ፣ የወይዘሮ ሙሉነሽ ክፍል ለባላቸው እንደሚቀር ጻፈ። ሊቀ መንበሩም እሱም ፈረሙበት፤ አያ ደሴ አሻራቸውን አደረጉ። ልጁን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ባገኘው ግን ምሳ አበላው ነበር።

ፊልሙ ተሸጠ፤ ማኅበሩም ተዘጋ። አያ ደሴ ከብሩ እንዲካፈሉ ስንት ጊዜ ለመንናቸው። “መደቤን አንሥቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ የሚያነሣ ሌባ ነው” ብለው እንቢ አሉ።

በሳምንቱ ክፍሏን ከፊልሙ አውጥቼ፣ በትንሽ ታብሌት ላይ ጭኜ፣ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፍቼ ነው የገባሁት። ከልጃቸው ጋር የጭቃ መደብ ላይ እንደተቀመጡ ከፈትኩላቸው። ወይዘሮ ሙሉነሽ መጡ፤ “ውጡ!” አሉ። አያ ደሴ ባርኔጣቸውን አንሥተው ብድግ አሉና ወደ ደጅ ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። “አያ ደሴ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። ያን ቀን የተናገርኩት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። “ያኔም ወይዘሮ ሙሉነሽ ሲጮሁ ወጥተው ይሄዱ ነበር። ማየቱ ይከብድዎታል አይደል?”

በግርምት አዩኝ። የሚያለቅስ ሰው ፊት አልነበረም።

“ኧረ ምን ይከብደኛል? ውጡ አለች እኮ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ውጣ ብላኝ ቁጭ ብዬባት አላውቅም። ዛሬ ሞተች ብዬ ልድፈራት?”

ሳቅሁ። ሳቄ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። እሳቸው ደግሞ “አንቺም እንደነዚያ ልጆች ነሽ፤ በይ እዚህ መንገዱ ላይ አልቅሺ” ብለው ይበልጥ አሳቁኝ።

ዛሬ ገበያ መሃል ቀጥ ብዬ አልፋለሁ። አንደበቴ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ስለ ሰው ከመናገሬ በፊት ባሏ ከኋላ ተቀምጦ ይሆን ብዬ አስባለሁ። አያ ደሴን እወዳቸዋለሁ። ወይዘሮ ሙሉነሽንም በሕይወት ሳሉ ሳላውቃቸው እወዳቸዋለሁ። ሥራ ስጨርስ ጎራ እላለሁ፤ ታብሌቱን እንከፍታለን፤ ይጮሁብናል፤ ተነሥተን እንወጣለን።

ባለፈው ጊዜ ደክሞኝ ስለነበር ተቀምጬ ቀረሁ። አያ ደሴ ከበሩ ተመልሰው አዩኝ።

“ምነው ልጄ” አሉኝ፣ “አልሰማሽም? ውጡ አለች እኮ።”

ተነሣሁ።